ትሉን ማን ገደለው? በሰሜን ሸዋ ተክል በል ነፍሳትንና ጥገኛ ተርቦቻቸውን ለማጥናት የሚረዳ የአሠራር መመሪያ

በጓሮ ጎመን ቅጠል ሥር አንዲት ትንሽ አረንጓዴ ትል ሞታ፣ ከጎኗም ከሩዝ ፍሬ የምታንስ ነጭ የሐር ሽፋን ተለጥፋ ስትገኝ ብዙ ሰው ነጯን ነገር የትሏ እንቁላል አድርጎ ይወስዳትና በጣቱ ይደፈጥጣታል። ነገር ግን ትል ገና ያልደረሰ እጭ ስለሆነ እንቁላል አይጥልም፤ እንቁላል የምትጥለው የእሳት ራቷ ናት። ያቺ ነጭ ሽፋን በትሏ ሰውነት ውስጥ ስትመገብ ቆይታ፣ ቆዳዋን በስታ የወጣችና በሐር ተጠቅልላ ወደ ሙሽሬነት (በእጭና በክንፋሙ ዐዋቂ መካከል ወዳለው እርከን) የተለወጠች የጥገኛ ተርብ ልጅ ናት። የተደፈጠጠችውም የገበሬው አጋር ነበረች።

ጥገኛ ተርቦች፣ በሳይንሱ አጠራር ፓራሲቶይዶች፣ ከሌሎች ጥገኞች የሚለዩት በመጨረሻው ነገር ነው። መዥገር ከብቱን ሳይገድል ደሙን ይመጥጣል፤ የጥገኛ ተርብ እጭ ግን ያደገበትን ትል ወይም ክሽክሽ (የተክል ጭማቂ የሚመጥጥ ጥቃቅን ነፍሳት) ሳይገድል ዕድገቱን አይጨርስም። ሸረሪት ብዙ ነፍሳትን አድኖ ይበላል፤ የተርቧ ልጅ ግን ለዕድሜዋ ሁሉ አንድ አስተናጋጅ፣ ማለትም እየተመገበችው የምታድግበት አንድ ነፍሳት፣ ብቻ ይበቃታል። አብዛኞቹ ተርቦች ጥቂት ሚሊ ሜትር ርዝመት ያላቸው፣ ሰውን የማይጎዱ ናቸው። ከዝንቦችም ወገን ታኪኒድ የሚባሉት በተመሳሳይ መንገድ ይኖራሉ።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ለመመረቂያ ጽሑፍ መስክ ለሚወጡ ተማሪዎች፣ ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለባዮሎጂ መምህራን ነው። መመሪያው በሙሉ የተመሠረተው በአንድ መርሕ ላይ ነው፦ እያንዳንዱ ትል ከማሳ ከተነሣበት ሰዓት ጀምሮ መጨረሻው እስኪታወቅ ድረስ ለብቻው ይያዛል፣ ለብቻውም ይመዘገባል። ውድ መሣሪያ ባይኖርም ይህ ከተጠበቀ ጥናቱ ጸንቶ ይቆማል፤ ይህ ካልተጠበቀ ግን የትኛውም ቤተ ሙከራ ሊያድነው አይችልም።

ጥያቄውንና ቦታውን መወሰን

በመጀመሪያ አንድ ተክል፣ አንድ ተክል በል ነፍሳት እና አንድ ጥያቄ ይመረጥ። «በሰሜን ሸዋ ያሉ ጥገኛ ተርቦችን ማጥናት» ጥያቄ አይደለም። «በደብረ ብርሃንና በሸዋ ሮቢት ጓሮዎች ውስጥ የጎመን ትልን የሚገድሉት ተርቦች አንድ ዓይነት ናቸውን?» የሚለው ግን መልስ ሊገኝለት የሚችል ጥያቄ ነው።

ለእንዲህ ያለው ጥናት ሰሜን ሸዋ የተለየ ዕድል ይሰጣል። ከደብረ ብርሃን፣ ከ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥቶ በጣርማበርና በደብረ ሲና በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት፣ ወደ 1,280 ሜትር ገደማ የሚወርደው መንገድ 100 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ከፍታ በ100 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀት በአማካይ በ0.6 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ስለሚቀንስ፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል ዘጠኝ ዲግሪ ያህል ልዩነት ይጠበቃል። ነፍሳት የራሳቸው የሰውነት ሙቀት ስለሌላቸው ይህ ልዩነት ሕይወታቸውን በሙሉ ይለውጠዋል፤ ዳይመንድባክ የሚባለው የጎመን እሳት ራት ከእንቁላል እስከ ዐዋቂ ለመድረስ በ25 ዲግሪ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ሲበቃው፣ በ15 ዲግሪ ግን ከአንድ ወር በላይ ይፈጅበታል። ተርቧና ትሉ ለሙቀት የሚሰጡት ምላሽ እኩል ካልሆነ ደግሞ በደጋ የምታሸንፈው ተርብ በቆላ ልትሸነፍ ትችላለች።

ለጀማሪ የምመክረው ጎመንን ነው። በየጓሮው ይገኛል፣ ዓመቱን ሙሉ ይለማል፣ ትሉም ክሽክሹም በአንድ ተክል ላይ ይኖራሉ። የጎመን ትልን፣ ማለትም የዳይመንድባክን እጭ፣ የሚያጠቁ ሦስት የታወቁ የተርብ ወገኖች አሉ፦ ዳያዴግማ፣ ኮቴሲያ ቬስታሊስ እና ኦሚዙስ ሶኮሎቭስኪ። ከእነዚህ ውስጥ ዳያዴግማ ቀዝቃዛ ደጋን ሲወድ፣ ሌሎቹ ሁለቱ ሙቀትን የተሻለ ይችላሉ፤ ስለዚህ ከላይ የተጠቀሰው መንገድ ይህን ሐሳብ ለመፈተን የተዘጋጀ ያህል ነው። በጎመን ክሽክሽ ላይ ደግሞ ዲያሬቲየላ ራፔ የተባለችው ተርብ ትገኛለች።

ሌሎች ምርጫዎች የሚከብዱ ቢሆኑም የሚክሱ ናቸው። በደጋው የገብስ ማሳ ላይ የሩሲያ የስንዴ ክሽክሽ ቅጠሉን ጠቅልሎ በውስጡ ስለሚደበቅ፣ ተርቦች እንዴት እንደሚደርሱበት ማጥናት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። በቆላው ማሽላና በቆሎ ላይ አገዳ ቆርቁርና ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን የታየው የአሜሪካ መጤ ተምች አሉ። በምንጃር ሽንብራ ላይ ያለው ጓይ ትል ደግሞ ተክሉ ራሱ በጉዳዩ ውስጥ እንዴት እንደሚገባ ያሳያል፤ የሽንብራ ቅጠል የሚያመነጨው አሲድ ያለበት ፈሳሽ ትራይኮግራማ የተባሉትን ጥቃቅን የእንቁላል ተርቦች ስለሚያውክ፣ በሌላ ሰብል ላይ በርትተው የሚሠሩት ተርቦች በሽንብራ ላይ እምብዛም አይሳካላቸውም።

ከጉዞ በፊት

መያዣዎቹ ከ30 እስከ 50 ሚሊ ሊትር የሚይዙ ክዳን ያላቸው የፕላስቲክ ዕቃዎች ወይም ብልቃጦች ቢሆኑ ይበቃል። ያገለገሉ ከሆኑ በቀጠነ በረኪና ታጥበው፣ በብዙ ውሃ ተለቅልቀው፣ ፀሐይ ላይ ይድረቁ። ክዳናቸው ይበሳና ቀዳዳው ጥቅጥቅ ባለ ጨርቅ ይሸፈን፤ የቁስል መጠቅለያ ሻሽ ዐይኑ ሰፊ ስለሆነ ትናንሽ ተርቦች ሾልከው ይወጡበታል። ለክሽክሽ ባዶ የመድኃኒት ካፕሱል እጅግ ምቹ ነው፤ ተርብ ገብታበት አብጦ የደረቀ አንድ የክሽክሽ በድን በአንድ ካፕሱል ይገባል፣ ቦታ አይፈጅም፣ ትርፍ እርጥበትንም በመጠኑ ይመጣል። ከዚህ ሌላ ለስላሳ የሥዕል ብሩሽ፣ አሥር ጊዜ የሚያጎላ የእጅ ሌንስ፣ ሶፍት፣ አልኮል፣ ዝቅተኛና ከፍተኛ ሙቀትን የሚይዝ ቴርሞሜትር እና እርሳስ ያስፈልጋል። እስክሪብቶ በአልኮል ስለሚሟሟ ወደ ብልቃጥ የሚገባ ጽሑፍ ሁሉ በእርሳስ ይጻፋል።

ከጉዞው ስድስት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ ትሎቹ የሚመገቡትን ተክል በማሰሮ ወይም በፌስታል መዝራት ያስፈልጋል። ከገበያ የተገዛ ጎመን ምን እንደተረጨ አይታወቅም፤ በቅጠሉ ላይ የቀረ ጥቂት መድኃኒት ትሎቹን በአንድ ሌሊት ሊጨርስ ይችላል።

ማሳው ላይ

ማሳ ከመግባት በፊት ባለቤቱን ማስፈቀድና የሥራውን ዓላማ መንገር የግድ ነው። «አባባ፣ ይህን ጎመን ለመጨረሻ ጊዜ የረጩት መቼ ነው? በምን መድኃኒትስ ነበር?» የሚለው ጥያቄ የመጀመሪያው መረጃ ነው፤ መልሱም በተነገረው ቃል ይመዝገብ። የመድኃኒቱ ስም ካልታወቀ ባዶውን ጠርሙስ ወይም ከረጢት እንዲያሳዩ በአክብሮት መጠየቅ ይቻላል። ጥገኛ ተርቦች ሰፊ ገዳይነት ባላቸው መድኃኒቶች ከትሉ ይልቅ ብዙ ጊዜ ቶሎ ስለሚጎዱ፣ የርጭቱ ታሪክ ካልታወቀ በሁለት ማሳዎች መካከል የታየውን ልዩነት ለከፍታ ወይም ለዝናብ መስጠት አይቻልም።

ናሙና ሲወሰድ ዐይን የሳበውን ተክል መምረጥ አይገባም፤ ዐይን የሚስበው የተበላው ወይም የታመመው ነውና። በማሳው ውስጥ ወዲያና ወዲህ እየተጠማዘዙ በመሄድ፣ አስቀድሞ በተወሰነ የእርምጃ ቁጥር ቆሞ ከቀኝ እግር ጫፍ አጠገብ ያለውን ተክል መውሰድ ቀላልና አድልዎ የሌለበት መንገድ ነው። በተመረጠው ተክል ላይ የቅጠሎቹ ሥር፣ መሐል ቡቃያውና የቅጠል ጉያው በሙሉ ይታያል፤ የተገኘው ትል ሁሉ ይቆጠራል፤ ምንም ካልተገኘም ዜሮ ተብሎ ይጻፋል። ዜሮዎችን መተው የነፍሳቱን ብዛት ከእውነታው በላይ ያደርገዋል።

አሁን የምጠቅሰው ነጥብ በብዙ ጽሑፎች ውስጥ ሲዘለል የማየውና ውጤትን ከሁሉም በላይ የሚያዛባው ነው። ትልን ከማሳ ማንሣት ማለት ከዚያች ሰዓት በኋላ ከሚመጣበት ጥቃት ማዳን ማለት ነው። ስለዚህ ገና ትናንሽ ሳሉ የተነሡ ትሎች፣ በማሳው ቢቆዩ ሊደርስባቸው የነበረውን ጥቃት ስለማያሳዩ የተርቧን ድርሻ፣ ማለትም ከትሎቹ በመቶ ስንቱ እንደተጠቁ የሚያሳየውን አኃዝ፣ ያሳንሳሉ። በተቃራኒው ትላልቆቹን ብቻ ብንሰበስብ በለጋ ዕድሜያቸው የተጠቁት ቀድመው ሞተው ስላለቁ እንደገና ድርሻው ያንሳል። አንዳንድ ተርብ ደግሞ ያደረባትን ትል ዕድገት ስለምታዘገየው፣ የተጠቃው ትል ከጤነኛው ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ በማሳው ይቆይና በናሙናው ውስጥ በብዛት ይገኛል፤ ያን ጊዜ ድርሻው ይጋነናል። መፍትሔው በሁሉም የዕድገት እርከን ያሉትን ትሎች መሰብሰብ፣ በተሰበሰቡበት ቀን የእያንዳንዱን እርከን መጻፍና ውጤቱን በእርከን ለይቶ ማቅረብ ነው። የጎመን ትል አራት የእጭ እርከኖች አሉት፤ በጭንቅላቱ ስፋትና በሰውነቱ ርዝመት ይለያሉ። እንቁላሎችና ሙሽሬዎችም ይሰብሰቡ፤ እንቁላልን ብቻ፣ ሙሽሬን ብቻ የሚያጠቁ ተርቦች አሉና።

ስንት ትል ይበቃል? ከ100 ትሎች 30ዎቹ ተጠቅተው ቢገኙ እውነተኛው ድርሻ በ21 እና በ39 በመቶ መካከል ገደማ ይሆናል ማለት ይቻላል፤ በ25 ትሎች ግን ይኸው ስፋት ከ12 እስከ 48 በመቶ ይደርሳል፣ ይህም ለማነጻጸር የሚበቃ አይደለም። ለአንድ ቦታና ለአንድ ወቅት ወደ 100 የሚጠጋ ትል ማግኘት መልካም ዒላማ ነው። ምልከታው በየሳምንቱ ወይም በየዐሥር ቀኑ ቢደገም፣ ቢቻል ደግሞ በልግንና መኸርን ቢያካትት ይመረጣል።

ቀን አጻጻፍ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የመስክ መዝገብ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ የስልክ ፎቶ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ሰዓቱም አንዱ በእኛ አንዱ በውጭው ሲሆን ከወራት በኋላ ማስታረቁ ያስቸግራል። በእያንዳንዱ ገጽ ራስ ላይ ሁለቱንም ቀን መጻፍ፣ ለሰዓቱም ከሥራው መጀመሪያ አንዱን መርጦ በዚያው መጽናት ይገባል።

አያያዝና ማሳደግ

ትሎች በብሩሽ ወይም ከነቅጠላቸው ይነሣሉ እንጂ በጣት አይያዙም። ጓይ ትልና የአሜሪካ መጤ ተምች ከየራሳቸው ወገን ጋር እንኳ እርስ በርስ ስለሚበላሉ ሁለት ትል በአንድ ዕቃ ማድረግ አንዱን ማጣት ነው። የማይበላሉትም ቢሆኑ ለየብቻ መያዝ አለባቸው፤ አምስት ትል ባለበት ዕቃ ውስጥ ሁለት ተርብ ቢገኝ ከየትኛው እንደወጡ፣ ከአንድ ይሁን ከሁለት ማወቅ አይቻልም። እያንዳንዱ ዕቃ ቦታውን፣ ሰብሉን፣ የማሳውንና የትሉን ቁጥር የሚያሳይ መለያ ይኑረው፤ ለምሳሌ «ደብ/ጎ/03/12» ማለት ከደብረ ብርሃን፣ ከጎመን፣ ከሦስተኛው ማሳ የተነሣ ዐሥራ ሁለተኛ ትል ማለት ነው። መለያው በክዳኑ ላይ ብቻ ከተጻፈ ክዳኖች ሲቀያየሩ መረጃው ይጠፋል፤ ስለዚህ በዕቃው ጎንም ይጻፍ። በጉዞ ላይ ዕቃዎቹን ከፀሐይ መጠበቅ፣ በመኪና ጣራ ላይ አለመጫን፣ በረዶ ካለም በጨርቅ ለይቶ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

የማሳደጊያው ክፍል ምርጫ በሁለቱ የአየር ንብረቶች የተለያየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በሸዋ ሮቢትና በሌሎች ወባማ ቀበሌዎች ግድግዳቸው ለወባ መከላከያ በኬሚካል የተረጨ ቤቶች አሉ፤ በእንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ ጥናቱን ማካሄድ ተርቦቹን መግደል ስለሚሆን የክፍሉን ታሪክ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። የትንኝና የበረሮ መርጫ የሚነፋበት ክፍልም እንደዚሁ ነው። በደብረ ብርሃን ደግሞ ከጥቅምት ጀምሮ ሌሊቱ ውርጭ ስለሚሆን ዕቃዎቹን ወደ ከሰል ምድጃ ማስጠጋት ያጓጓል፤ ነገር ግን ጭሱም ድንገተኛው ሙቀትም ይጎዳቸዋል፣ በተጨማሪም በማሳው ያለውን የዕድገት ፍጥነት ያዛባል። የቤቱን ሙቀት እንደነበረ ትቶ ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን በየቀኑ መመዝገብ የተሻለ ነው። ጉንዳን በአንድ ሌሊት ሥራውን ሁሉ ሊያጠፋ ስለሚችል የጠረጴዛው እግሮች ውሃ በያዙ ጣሳዎች ውስጥ ይቁሙ።

ምግቡ ትሉ የተነሣበት የተክል ዓይነት ይሁን። ቅጠሉ ከመግባቱ በፊት በሌንስ ይታይ፤ በላዩ ያለች አንዲት የማትታይ እንቁላል ከቀናት በኋላ መዝገቡን ታምታታለች። በዕቃው ወለል ሶፍት ይነጠፍ፣ ቅጠሉ በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ይለወጥ፣ ኩሱ ይጠረግ። እርጥበት ሲበዛ ሻጋታ፣ ሲያንስ ደግሞ የቅጠል መድረቅ ይከተላል፤ በክዳኑ ላይ የውሃ ጠብታ ከታየ አየር አጥቷል ማለት ነው። ጤነኛ ትሎች በቅድሚያ፣ የታመሙ የሚመስሉት በመጨረሻ ይነኩ፤ በመካከሉ እጅና ብሩሽ ይታጠቡ።

ክትትሉ በየቀኑ በአንድ ሰዓት ይደረጋል። የሚጻፈው ትሉ መብላት ያቆመበት ቀን፣ የተርብ እጭ ከውስጡ የወጣበት ቀን፣ ሙሽሬ የሆነበት ቀንና ክንፍ ያለው ዐዋቂ የወጣበት ቀን ነው። የወጣችው ተርብ ወዲያው ወደ አልኮል አትግባ፤ ቀለሟና ክንፏ እስኪጠነክር አንድ ቀን ብትቆይ ለመለየት ትመቻለች። የቆዩ ሙሽሬዎችን ሞተዋል ብሎ ቶሎ መጣል አይገባም። በተለይ ቡሴዮላ ፉስካ የተባለው አገዳ ቆርቁር በበጋ በደረቀ አገዳ ውስጥ ለወራት ተኝቶ ዝናብን ስለሚጠብቅ፣ በየደጁ ለማገዶና ለመኖ ከተከመረው አገዳ የተሰበሰቡ ትሎች እስከ ዝናብ ወቅት ድረስ መያዝ ይኖርባቸዋል።

ክሽክሽን ማሳደግ ጥቂት ይለያል። ተርብ የገባችበት ክሽክሽ ለቀናት ጤነኛ መስሎ ይቆይና በኋላ ያብጣል፣ ቆዳው ይደርቃል፣ ወርቅማ ቡናማ ቀለም ይይዛል። በማሳው ላይ ያሉትን ያበጡ በድኖች ብቻ መቁጠር ገና ያልተገለጠውን ጥቃት ይደብቃል። ስለዚህ ሕያዋን ክሽክሾችን ከነቅጠላቸው ወስዶ፣ የቅጠሉን አንገት በእርጥብ ጥጥ ጠቅልሎ፣ ሁለት ሳምንት ያህል መጠበቅና በድን የሆኑትን እየለቀሙ ወደ ካፕሱል ማስገባት ያስፈልጋል። ቀዳዳ ያላቸው አሮጌ በድኖች በቅጠሉ ላይ ተጣብቀው ሊቆዩ ስለሚችሉ ከአዲሶቹ ጋር አይደመሩም።

የወጣውን መለየት

ከትሉ የወጣው አራት ክንፍና ቀጭን ወገብ ካለው ተርብ ነው፤ ሁለት ክንፍና በሰውነቱ ላይ ጠንካራ ጸጉሮች ካሉት የታኪኒድ ዝንብ ነው። ዝንቧ ከመውጣቷ በፊት የምትቆይበት ሽፋን ሐር የሌለበት፣ ቡናማና በርሜል የመሰለ ጠንካራ ቅርፊት ነው። በጎመን ትል ላይ የሦስቱ ተርቦች ምልክት ይለያያል። ኮቴሲያ ከትሉ ወጥታ ነጭ ሽፋኗን ከጎኑ ትሠራለች። ዳያዴግማ ትሉ ለራሱ ሙሽሬነት ድሩን ከሠራ በኋላ በውስጡ የራሷን ጠንካራ ሽፋን ትሠራለች፤ ወንፊት በመሰለው የትሉ ድር ውስጥ ሙሽሬ ሳይሆን ዳርና ዳሩ የተድበለበለ ሽፋን ከታየ እርሷ ናት። ኦሚዙስ ግን ከትሉ ሙሽሬ ውስጥ በአንድ ጊዜ ብዙ ሆና ትወጣለች። በእንቁላል ላይ ደግሞ ትራይኮግራማ የገባችበት እንቁላል ይጠቁራል።

እዚህ ላይ የጥገኛ ጥገኞችን መርሳት አይገባም። በክሽክሽ በድን ውስጥ ያለችውን ተርብ ራሷን የሚያጠቁ አሎክሲስታና አሳፌስ የመሰሉ ተርቦች አሉ፤ እነዚህን እንደ ክሽክሽ ገዳይ መቁጠር ጠላትን በወዳጅ መዝገብ መጻፍ ነው። አንዱ መለያ መውጫ ቀዳዳው ነው፦ የክሽክሹ ቀጥተኛ ተርብ በድኑን በክብ፣ ጠርዙ ለስላሳ በሆነ ቀዳዳ፣ ብዙ ጊዜም ክዳን በሚመስል ቁራጭ ከፍታ ትወጣለች፤ የጥገኛ ጥገኛዋ ቀዳዳ ግን በአብዛኛው ጠርዙ የተቦጫጨቀ ነው። ይህ ምልክት ብቻውን ስለማይበቃ ከዚያው ካፕሱል ከወጣችው ተርብ ጋር ይመሳከር።

የሞቱት ትሎች በምን እንደሞቱም ይለይ። በቫይረስ የሞተ ትል ይጠቁራል፣ ሰውነቱ ፈሳሽ ሆኖ ይንጠለጠላል፤ በፈንገስ የሞተው ይደርቅና ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ያወጣል። ምክንያቱ ያልታወቀ ሞት በግልጽ «ያልታወቀ» ተብሎ ይጻፋል።

ከፍቶ ማየት

ማይክሮስኮፕ ማግኘት የሚችል ሰው፣ ለምሳሌ በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ወይም በደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል ፈቃድ ያገኘ፣ የሞቱትን ትሎች መክፈት አለበት። በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ 9 ግራም ጨው ይሟሟል፤ ትሉ በዚህ ውሃ ውስጥ ይደረግና በሁለት ቀጭን መርፌዎች ከጎኑ ይከፈታል። የተርብ እንቁላል ወይም ጅራት ያላት ለጋ እጭ በውሃው ላይ ልትንሳፈፍ ትችላለች።

አንዳንዴ የሚገኘው በጠቆረ ሽፋን የታፈነ እንቁላል ነው። ይህ ትሉ ራሱን የተከላከለበት ማስረጃ ነው፤ የደሙ ሕዋሳት እንቁላሉን ከብበው አፍነውታል። በኬንያ እንደታየው፣ ኮቴሲያ ሴሳሚዬ የተባለችው የአገዳ ቆርቁር ተርብ የመሐል አገሩ ወገኗ በቡሴዮላ ፉስካ ውስጥ ስታድግ፣ የባሕር ዳርቻው ወገኗ እንቁላል ግን በዚያው ትል ውስጥ ታፍኖ ይቀራል። በስም አንድ የሆኑ ተርቦች በሥራ አንድ ላይሆኑ ይችላሉ ማለት ነው፤ ከደጋ ያገኘነውን ለቆላ ማዋል የማንችለውም ለዚህ ነው። የታፈኑ እንቁላሎች ቁጥር በራሱ ዓምድ ይመዝገብ።

ሒሳቡ

የሚቆጠረው የተጠቃው ትል እንጂ የወጡት ተርቦች ቁጥር አይደለም፤ ከአንድ ሙሽሬ ስምንት ተርብ ቢወጣ የሞተው ትል አንድ ነው። ለምሳሌ 120 ትሎች ተሰብስበው ከ72ቱ የእሳት ራት፣ ከ30ዎቹ ተርብ ቢወጣና 18ቱ ባልታወቀ ምክንያት ቢሞቱ፣ መጨረሻቸው ከታወቀው 102 ትሎች ውስጥ የተጠቁት 29.4 በመቶ፣ ከጠቅላላው ውስጥ ግን 25 በመቶ ናቸው። ሁለቱም አኃዞች ይቅረቡ፣ አካፋዩም በግልጽ ይጻፍ። ያልታወቀው ሞት ከአምስት አንድ ከበለጠ የማሳደጊያው ሁኔታ ችግር አለበት ብዬ እወስዳለሁ፤ መቶኛውን ከማስላት በፊት ምግቡንና ክፍሉን መመርመር ይቀድማል።

ከዚህ ቀጥሎ በእያንዳንዱ ተክል ላይ የነበረውን የትል ብዛት ከጥቃቱ ድርሻ ጋር በሥዕላዊ መግለጫ ማስቀመጥ ብዙ ያስተምራል። ትል በበዛበት ተክል ላይ ድርሻው ከፍ ካለ ተርቧ ወደ ብዙኃኑ እየሄደች ነው፤ ዝቅ ካለ ደግሞ እንቁላል የመጣል አቅሟ ወይም ጊዜዋ አልበቃትም። ትሉ ጎመኑን ሲበላ ከቅጠሉ የሚወጣው ሽታ ራሱ ተርቦችን ስለሚጠራ፣ የቅጠሉ ጉዳት መጠንም አብሮ ቢመዘገብ ይጠቅማል።

ተርቧ በእርግጥ ትሉን ትቀንሳለችን?

የጥቃቱ ድርሻ ከፍ ማለቱ ብቻ ትሉ ቀነሰ ማለት አይደለም፤ ያ ትል ያለ ተርቧም በዝናብ ወይም በወፍ ሊሞት ይችል ነበርና። ይህን ለመለየት ሙከራ ያስፈልጋል። ማሰሮ ላይ የተተከሉ እኩል ጎመኖች እኩል ቁጥር ያላቸው ትሎች ተደርገውባቸው በሦስት ወገን ይቀመጣሉ፦ አንዱ ጥቅጥቅ ባለ መረብ ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ፣ ሁለተኛው በዚያው መረብ የተሸፈነ ነገር ግን ጎኖቹ ክፍት የሆኑ፣ ሦስተኛው ያልተሸፈነ። ሁለተኛው የሚያስፈልገው መረቡ ራሱ ጥላና ሙቀት ስለሚለውጥ ነው፤ ያለ እርሱ በመጀመሪያውና በሦስተኛው መካከል የታየው ልዩነት የተርቧ ይሁን የመረቡ አይታወቅም።

ቀለል ያለው መንገድ ደግሞ በቤት ያደጉ፣ ተርብ ያልደረሰባቸው ትሎችን በማሰሮ ተክል ላይ አድርጎ ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን በማሳው ማስቀመጥ፣ ከዚያም መልሶ ማሳደግ ነው። ከእነርሱ ጋር ያደጉ ጥቂት ትሎች ከቤት ሳይወጡ ይቀመጡ፤ ከእነዚህም ተርብ ከወጣ ማሳደጊያው ራሱ ተበክሏል። ነገር ግን በአካባቢው የሌለን ተባይ ለዚህ ሥራ ከሌላ ወረዳ ማምጣት ፈጽሞ አይፈቀድ።

ማቆየትና መሰየም

ለቅርጽ ጥናት 70 በመቶ አልኮል ይበቃል፤ ለዘረመል ምርመራ የሚቀመጡት ግን በ96 በመቶ አልኮል ውስጥ በቀዝቃዛ ቦታ ይቆዩ። ተርቧ የወጣችበት የትሉ ቆዳና ጭንቅላት ከእርሷ ጋር በአንድ ብልቃጥ ይግባ፤ የአስተናጋጇ ማንነት ጥርጣሬ ቢነሣበት ብቸኛው ማስረጃ እርሱ ነው። በውስጥ የሚገባው የእርሳስ ጽሑፍ ቦታን፣ ከፍታን፣ ሁለቱን የቀን አቆጣጠሮች፣ ተክሉን፣ አስተናጋጁን፣ የሰብሳቢውን ስምና መለያ ቁጥሩን ይያዝ።

የዝርያ ስም በችኮላ አይሰጥ። «ኮቴሲያ፣ ዓይነት 1» ብሎ መጻፍ እንደ ጉድለት አይቆጠርም፤ ያልተረጋገጠ ሙሉ ስም ግን በሌሎች ጽሑፎች እየተደገመ ይሄዳል። ናሙናን ለስያሜ ወደ ውጭ አገር መላክ ካስፈለገ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት የጄኔቲክ ሀብት ፈቃድ ጉዳይ ስለሚነሣ፣ ከመላኩ በፊት የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩትን መጠየቅ ይገባል። ከእያንዳንዱ ዓይነት ጥቂቶቹ በአገር ውስጥ ይቀመጡ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የእንስሳት ሙዚየም አንዱ አማራጭ ነው።

መዝገቡ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ አንድ ትል አንድ ረድፍ ይያዝ፤ የተደመረ ቁጥር ብቻ አይግባ። በኋላ አንድ ባለሙያ «ዓይነት 1» የተባለው በእርግጥ ሁለት ዝርያ መሆኑን ቢያረጋግጥ፣ ብልቃጦቹ በመለያ ቁጥራቸው ተፈልገው በየረድፉ ስሙ ይታረማል፣ የጥቃቱ ድርሻም ለየዝርያው እንደገና ይሰላል።